ሁለት ደቂቃ ሲቀር አባዬ ዝም ይላል

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 29

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የቡድናችን የሥነ ልቦና አማካሪ ወይዘሮ ኦዴት ናት። "ከጨዋታ በኋላ የተሰማህን ጻፍ፤ ለማያውቅህ ሰው እንደምታወራ አድርገህ። ማንም አያነበውም" አለችኝ። ማንም የማያነበውን ነገር መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም አልገባኝም፤ ግን እሺ ብያለሁ፣ ይኸው።

ለማያውቀኝ ሰው፦ ሪድ ኮቫች እባላለሁ፤ የብላንቻርድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ነኝ፤ ኳሱን ተቀብዬ የምወረውረው እኔ ነኝ። ከተማችን ኬልሰን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከተማ አልነበረም ማለት ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በአምስት ነጥብ እየተመራን ነበር። ኳሱን የተረከብነው እዚያ ታች፣ ከራሳችን መስመር አጠገብ ነው። ሜዳውን ሙሉ አቋርጠን ሄድንና ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ለተቀባያችን ለሎጋን ወረወርኩለት፤ ያዘው፣ አለቀ። በዚህ ዓመት እንዲህ ሳሸንፍ ሁለተኛዬ ነው። ሰዉ "ይሄ ልጅ አይፈራም እንዴ?" ይላል። እውነቱን ለመናገር አልፈራም። ሌላው ሲጨንቀው ሜዳው ለእኔ ይሰፋልኛል።

ምን እንደምንጫወት የሚያዘው አባዬ ነው። ዴኒስ ኮቫች፣ የማጥቃት አሰልጣኛችን። ላይ፣ መስታወት ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በማይክሮፎን ይናገራል፤ ድምፁ በሄልሜቴ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሬዲዮ ቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ካለነው አሥራ አንዳችን ሬዲዮ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። አባዬ ደግሞ ያወራል! ትዕዛዙን ይሰጠኛል፣ ከዚያ ያብራራል፣ አብራርቶ ሲጨርስ ያስጠነቅቃል፣ አስጠንቅቆ ሲጨርስ አምና የሠራሁትን ጥፋት ያስታውሰኛል። ኳሱ ሊነሣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ሬዲዮው በደንቡ ባይዘጋ ኖሮ ኳሱን እየወረወርኩም ያወራኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ግን ይተወኛል። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዝም ይላል። ያኔ እኔው መርጬ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። እምነት ማለት ይሄ ነው። ስንት አባት ነው ልጁን እንዲህ የሚያምን?

ለጋዜጠኞቹ "ትዕዛዙ የአባዬ ነው፤ እኔ የተባልኩትን ነው የሠራሁት" አልኳቸው። ትሕትና ያምርብኛል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ልምምድ። ዝናብ። ሰባት ኳስ አመለጠኝ፣ ኳሱ ስለራሰ ነው።

ኦማሪ ቴት የቡድኑ ሴንተር ነው፤ ኳሱን በእግሮቹ መሃል አሳልፎ ለእኔ የሚያቀብለኝ፣ እኔን ሊጥል የሚመጣውን ሰው ሁሉ በደረቱ የሚያቆምልኝ ትልቅ ሰውዬ። ልብስ እየቀየርን ሳለ "ጌታው፣ መጨረሻ ላይ አባትህ ምን ይልሃል?" አለኝ።

"እንደ ሁኔታው።"

"እንደ ሁኔታው ምን?"

"ኦማሪ፣ አንተ ኳሱን አቀብል።"

"አንተ ጉረኛ" አለና ሳቀ። ሳቀ፣ ግን ቆሞ ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

አውቶቡስ ውስጥ። ሦስተኛዬ! በአንድ ነጥብ። ጽሑፌ የተጣመመው መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ነው።

ሰው ተኝቷል። ፊት ወንበር ላይ ኮች ህራቢክና የዕቃ ኃላፊው ቨርን ያወራሉ። ህራቢክ የፊት መስመር ልጆቹን፣ እነ ኦማሪን፣ ነው የሚያሠለጥነው፤ ሜዳ ዳር ሆኖ በማዳመጫው አባዬ የሚለውን ሁሉ ይሰማል።

"ዛሬም ዝም አለ። መተንፈሱን ብቻ ነው የምሰማው።"

ቨርን "ሬዲዮው ደህና ነው ኮች። ፈታትቼ ነው ያየሁት" አለ።

"ስለ ሬዲዮ መች አወራሁ?"

ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። አምስተኛ ወንበር ላይ ሆኖ ሁሉ ነገር በደንብ አይሰማም።

እሁድ፣ ኦክቶበር 6

ዛሬ እነ እማዬ ቤት ነበርኩ። እማዬ የተፈተፈተ ዶሮ በለስላሳ ዳቦ ሠርታ ነበር፤ እኔ አራት በላሁ፣ አባዬ አንዱን ጀምሮ ተወው። ከምሳ በኋላ ካርታ ተጫወትን። ካርታ ላይ አባዬን የሚችለው የለም፤ ካርታውን እየጣለ ለሁላችንም ምን መጣል እንደነበረብን ያስተምረናል። እማዬ "አንተ ሰውዬ፣ አፍህ አይደክምም?" ትለዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነው የምትለው።

ከዚያ ካርታዋን እያየች፣ ቀና ሳትል "ትናንት መጨረሻዋ ላይ ምን ብለህ አዘዝከው?" አለችው።

"ምን ይታዘዛል ሎሬታ? ልጁ ያውቀዋል" አለና ካርታ ጣለ። የጣለው የተሳሳተ ካርታ ነበር። እማዬም አየች፣ እኔም አየሁ። እሱ ግን አላስተማረንም።

አሁን መሽቷል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ልጻፈው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ እያለ ኢንዲያና ነበርን። አባዬ እዚያ የማጥቃት አሰልጣኝ ነበር። ለዋንጫ ሲጫወቱ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ፣ መስመሩን ለማለፍ ሁለት እርምጃ ቀርቷቸው ሳለ አባዬ ሩጫ በማዘዝ ፋንታ በመሃል አጭር ውርወራ አዘዘ። ተጋጣሚ ጠለፈው። በቃ፣ አለቀ። እኛ አገር አሰልጣኝ ሲጠላ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው፤ በነጋታው ጠዋት ግቢያችን ሣር ላይ "ይህ ቤት ይሸጣል" የሚል ሰሌዳ በያለበት ተተክሎ ነበር፤ ከተማችንን ልቀቁልን ማለታቸው ነው። ጎረቤቶቻችን ናቸው የተከሉት፤ ልጆቻቸው የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። ሰው ሳይነቃ ልንቀላቸው ወጣሁ። አንዱን ነቅዬ ቀና ስል አባዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ቆሞ ያየኛል። የዚያን ቀን ምንም አልተናገረም። ያ ሁሉ የሚያወራ ሰው።

ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከትናንቱ ጋር አይገናኝም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ጋዜጣው ላይ ወጣን! ግማሽ ገጽ፣ የእኔና የአባዬ ፎቶ። ርዕሱ "በመጨረሻዋ ደቂቃ የማይሳሳተው ኮቫች" ይላል። እኔን ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ሳነበው እሱን ነው። ኦማሪ ለልጆቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸውና ሁሉም ተንጫጩ።

እማዬ ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ማታ ስመለስ አልነበረም። "ነፋስ ነው" አለኝ አባዬ። ወጥ ቤት ውስጥ ነፋስ!

ከደቡብ፣ ከአንድ በጣም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ኤምስ የሚባል ሰው ደውሎለታል። የማጥቃት አሰልጣኝ ይፈልጋሉ። ስታዲየማቸው መቶ ሺህ ሰው ይይዛል። አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ስልክ ሲጠብቅ ነው የኖረው። እማዬ ደስታዋን ልትደብቅ ሞከረች፣ አልቻለችም። እኔ ነኝ ያመጣሁለት ብዬ ባስብ ኃጢአት ነው? ትንሽ ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

38 ለ 10 ተሸነፍን። ሦስተኛው ሩብ ላይ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

አባዬ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አወራ። አንዴም ዝም አላለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

የትናንቱን ዛሬ እጽፋለሁ። ኖቬምበር ገባ፤ ከእንግዲህ ጨዋታችን በሥራ ቀን ማታ ነው፣ ቴሌቪዥኑ እንዲያሳየን። በረዶ ይጥላል፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ ያሉትም ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያጨበጭቡት በጓንት ስለሆነ አይሰማም። እኔ ግን ወደድኩት። አራተኛዬ ነው። የቀረን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ጆሮዬ ውስጥ መተንፈስ ብቻ። ልጆቹን ሰብስቤ "እንዲህ፣ ከዚያ እንዲያ፣ ከዚያ ሎጋን አንተ ጥግ ላይ" አልኳቸው። ሎጋን "ኮች ነው እንዲህ ያለው?" አለ። "አዎ" አልኩት። ጥግ ላይ ሆነ፣ ወረወርኩለት፣ አለቀ።

ስወረውር አንዱ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወደቀብኝ። ምንም አይደለም።

እሁድ፣ ኖቬምበር 10

ወተቱን ከማቀዝቀዣ በግራ እጄ አወጣሁ። እማዬ "ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንከው?" አለችኝ። "በቀኜ ስልክ ይዤ ነው" አልኳት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ትከሻዬን ይዤ ሐኪሙ ጋ ብሄድ ከጨዋታ ውጪ ያስቀምጠኛል። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ካሸነፍን ዲትሮይት ሄደን ለዋንጫ እንጫወታለን። ኤምስም ለመጨረሻው ጨዋታ ሊመጣ ነው። አሁን የምቀመጥበት ጊዜ ነው? በሕመም ማስታገሻና በበረዶ ይያዛል።

ብሪግስ ዛሬ አገኘኝ። የእኔ ተቀያሪ ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፤ ሲያወራህ እጁን ኪሱ ውስጥ ያስገባና ያወጣል። "ሪድ፣ ልጠይቅህ። መጨረሻ ላይ፣ ሰዓቱ ሲያጥር፣ ኮች ኮቫች ምን ዓይነት ነገር ነው የሚያዘው? ምናልባት ከገባሁ ብዬ ነው።"

"አትገባም" አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን ከገባሁ።"

"ዝም ብለህ አዳምጥ። ይነግርሃል።"

አመስግኖኝ ሄደ። ጥሩ ልጅ ነው። ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ላሳየው እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ምን ብዬ ነው የምጀምረው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

አምስተኛዬ። ትናንት ማታ። እግዜር ይመስገን፣ ጨዋታው አጭር ውርወራ ብቻ ነበር የፈለገው፤ ረጅም ቢሆን ኖሮ... ረጅም ቢሆን ኖሮም እወረውረው ነበር።

ከተማው አብዷል። ጋዜጠኞቹ አባዬን ከበው "ኮች፣ ያቺን የመጨረሻዋን እንዴት አሰቧት?" ሲሉት አንገቱን ደፍቶ "ልጆቹን አመስግኑ" አለ። እነሱ ትሕትና መሰላቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ "ትዕዛዙ የእሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ደስ ያለው ሰው አስተያየት አልነበረም። ለምን ጮህኩ? ማን ጠየቀኝ?

ኦማሪ መኪናዬ ጋ ጠብቆኝ ነበር። "ስማ ወንድሜ፣ እኔ ኳሱን ይዤ ጎንበስ ብዬ እዚያው ነው ያለሁት። አንተ ወደ ላይ ታይና ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ትመርጣለህ። አምስቴ አይቻለሁ።"

"ታዲያ? አሸነፍን።"

"አንተ ስላለህ አሸነፍን። ያ ትከሻህስ? ለእኔ አትዋሽ፣ ስትወረውር ድምፅህን እሰማለሁ። ብሪግስ ቢገባ ማን ነው የሚነግረው?"

"አይገባም አልኩህ እኮ!"

"እሺ ጌታው" አለ። ከዚያ ትልቅ እጁን ደህናው ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ሄደ። የትኛው ደህና እንደሆነ እንዴት አወቀ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

አባዬን ወደ ስታዲየም በመኪና ወሰድኩት። መንገድ ላይ ስለ ማክሰኞ ተጋጣሚዎቻችን ሳያቋርጥ ያወራል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ "አባዬ፣ መጨረሻ ላይ..." አልኩ።

"መጨረሻ ላይ ምን?"

መንገዱ ላይ አተኮርኩ። ድልድዩን አልፈን፣ ነዳጅ ማደያውን አልፈን፣ ከዚያ ስለ ጎማዬ ማውራት ጀመረ። አየር ያንሰዋል አለ። እውነቱን ነው፣ ያንሰዋል።

ፈሪ አይደለሁም። አባቴን ግን እፈራለሁ? አይደለም፤ ለእሱ ነው የምፈራው። ይሄ ሌላ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 26፣ ሌሊት

ቀኝ ክንዴ ደረቴ ላይ ታስሯል። ጣቶቼ ግን ይሠራሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ስታዲየሙ ዛሬ እንኳ ሞልቶ ነበር። በአራት ነጥብ ተመርተን፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ኳሱን ተረከብን። አባዬ ዝም አለ። እንደተለመደው መረጥኩ፣ ሄድን፣ ሄድን፣ ከመስመሩ ጥቂት ወዲህ ደረስን። ሎጋን ብቻውን ቆሞ ነበር፤ መወርወር እችል ነበር። ኧረ አልችልም ነበር፤ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሣ ብሎኝ ነበር። ኳሱን ይዤ ሮጥኩ። መስመሩን ለማለፍ ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ሁለት ተጋጣሚዎች ያዙኝና በዚያው ትከሻዬ መሬት ላይ ጣሉኝ። የተሰማኝን ድምፅ አልጽፈውም።

ሰዓቱን አስቆሙ። ሐኪሙና ኦማሪ ደግፈው አወጡኝ። ብሪግስ ገባ። የእሱም ሄልሜት ሬዲዮ አለው። ዳር ሆኜ አየዋለሁ፤ ልጆቹን ሰበሰበና እጁን ጆሮው አጠገብ አደረገ። ጠበቀ። ወደ ላይ፣ ወደ መስታወቱ አየ። ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። እኔ ነኝ "ዝም ብለህ አዳምጥ፣ ይነግርሃል" ያልኩት። ምንም ጥፋት የሌለበትን ልጅ ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ተጫውተው ከደከሙ ወንድሞቼ ጋር እዚያ አቆምኩት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዋናው አሰልጣኝ ላንግደን የቀረችንን አንድ እረፍት ጠሩና "ምን ሆኖ ነው? ለምን አይናገርም?" ብለው ጮኹ። ኮች ህራቢክ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውልቆ ወደ እኔ መጣና ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። "አናግረው። አባትህ ነው" አለኝ።

"አባዬ።"

መተንፈሱ ብቻ። ፈጣን ነው።

"አባዬ፣ ሪድ ነኝ። ብሪግስ ነው ሜዳ ላይ ያለው።"

"ክንድህ..."

"ክንዴን ተወው። ልጁ እየጠበቀህ ነው።"

ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ "አንተ ንገረኝ" አለ። "ምን ልበለው? አንተ ንገረኝና እኔ እነግረዋለሁ።"

አውቅ ነበር። ገና ከመሬት ሳልነሣ መርጬ ጨርሻለሁ፦ ሩጫ፣ በግራ፣ ከኦማሪ ጎን። አፌ ላይ ነበረች። ብነግረው ይደግምለታል፣ እናሸንፋለን፣ ኤምስ ያጨበጭባል፣ ሁሉ ነገር እንደነበረው ይቀጥላል። እሱም ወደዚያ መቶ ሺህ ሰው ወደሚይዘው ስታዲየም ይሄዳል። እዚያ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ማን ነው የሚነግረው? እዚያ እኔ የለሁም። አምስት ጊዜ ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። አምስት ጊዜ አፉን ዘጋሁበት እንጂ አላዳንኩትም።

"አላውቅም" አልኩት።

"ታውቃለህ።"

"አላውቅም አባዬ። ከዚህ አይታየኝም። ከላይ ሆነህ የምታየው አንተ ነህ።"

ሜዳ ላይ "አላውቅም" ብዬ አላውቅም ነበር። ዳኛው እረፍቱ አለቀ ብሎ አፏጨ። ሥራውም፣ ዲትሮይትም፣ የእማዬም ደስታ፣ ሁሉም ሲሄድ ታየኝ፤ ቃሏን ልናገራት አፌን ከፈትኩ። ያኔ በማዳመጫው ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ብድግ ብሎ ነው።

"ብሪግስ" አለ። ድምፁ አልወጣም፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ብሪግስ፣ ልጄ፣ ስማኝ። በመሃል፣ አጭር፣ ለሎጋን። ሰምተሃል? በመሃል።"

ህራቢክ ጆሮውን ወደ ማዳመጫው አስጠግቶ ሰምቶ ኖሮ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የኢንዲያናውን ነገር በዚህ ሙያ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያቺው ናት፤ ያቺው ራሷ። አባዬ ግን ከጀመረ ወዲያ ማን ያቆመዋል? ሎጋን የት እንደሚዞር፣ ኳሱ ከደረት ዝቅ ማለት እንዳለበት፣ ዓይኑን በግራ በኩል እንዲያታልል፣ ሬዲዮው እስኪዘጋ ድረስ ነገረው። ከተዘጋ በኋላም ለባዶ ማይክሮፎን ያወራ ነበር። ብሪግስ እጁን ከጆሮው አወረደ። ትከሻው ሲረጋጋ ከዳር ታየኝ።

ኦማሪ ኳሱን አቀበለው። ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ! አላየሁም፤ ሰዉ ሲጮህ ነው ያወቅኩት። ስከፍት ሎጋን ኳሱን ሆዱ ላይ አቅፎ ከመስመሩ ማዶ ተኝቷል፣ ኦማሪ ብሪግስን እንደ ሕፃን ተሸክሞታል።

አባዬ ከላይ ሲወርድ በሰው መሃል ፈለገኝ። አገኘኝና ደህናውን ክንዴን ያዘ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ካሜራው እያየን፣ ምን አገባኝ። አንዷ ጋዜጠኛ "ዛሬስ ትዕዛዙ የአባትህ ነበር?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አምስት ጊዜ ስዋሽ እንዲያ የረዘመው ንግግሬ እውነት ሲሆን አንድ ቃል በቃው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

የምስጋና ቀን። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ትከሻዬ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፤ የእኔ ጨዋታ እዚህ ላይ አበቃ። እንዳሰብኩት አላዘንኩም። ማለቴ፣ አዝኛለሁ፤ ግን የበዓሉን የቱርክ ዶሮ እንዳልበላ አላደረገኝም።

ትናንት የጨዋታውን ፊልም አየነው። በግራ በኩል፣ እኔ ላዝ በነበረበት፣ ሦስት ሰው አድፍጦ ይጠብቅ ነበር። ሁለት ጊዜ አስመልሼ አየሁት። ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ለምሳ ወንበር ስላነሰ እማዬ ከጋራዡ እንዳመጣ ላከችኝ። አባዬ እዚያ ቆሞ ስልክ ያወራል። ከኤምስ ጋር ነው። ልመለስ አልኩና አልተመለስኩም።

"አይ፣ ጋዜጣው ተሳስቷል። አምስቱን ያዘዘው ልጄ ነው... አይደለም፣ ትሕትና አይደለም አቶ ኤምስ፣ ዝም ብዬ ነበር። አፌ አልከፈት ብሎኝ ነበር። የእኔ የማክሰኞዋ ናት... አዎ። አንዷ ብቻ።" ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። "ይገባኛል። እርስዎም መልካም በዓል።"

ዞሮ አየኝ። ፊቱ አልጠቆረም።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ። ሥራው ሄደ?"

"ሄደ።" ስልኩን ኪሱ አስገባ። "'አላውቅም' ስትለኝ ዋሽተኸኝ ነው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ምን ልታዝ ነበር?"

"ሩጫ። በግራ።"

ትንሽ አሰበና ሳቀ፤ የጋራዡ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ። "በግራ! ሦስቱ ሰዎች አልታዩህም? እኔ ከላይ ሆኜ እያየኋቸው፣ ልጄ! በግራ ብትሄድ እኮ..." እያለ ወንበሮቹን በሁለት እጁ ሰበሰበ፣ እኔ አንዷን በግራ እጄ ያዝኩ፤ ገና እያብራራልኝ ነበር ወደ ቤት የገባነው። እማዬ ድምፁን ሰምታ ከምድጃው ቀና አለች። ስለ ሥራው ገና አልነገርናትም፤ እሷ ግን ፈገግ ብላ ሳህን ማስቀመጧን ቀጠለች።

ዲትሮይት ላይ የሚጫወተው ብሪግስ ነው። ጨንቆታል፣ ትናንት ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። አትጨነቅ አልኩት፤ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ጆሮህ ላይ የሚያወራልህ ሰው አለህ።